ዘፋኟ ፊቷን ቀየረች ብለን ሰደብናት፣ እኔስ በ47 ዓመቴ ቦቶክስ ብወጋ?

የሄርማታዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነው የምኖረው፣ 47 ዓመቴ ነው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው እሁድ ጎረቤት ቡና ጠርታን ተሰብስበን እያለን ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ዘፋኝ ወጣች፣ ስሟን አልጠራም፣ እኔ ተማሪ እያለሁ ካሴቷ እስኪበጠስ የሰማኋት ሴት ናት። ፊቷ ተለውጧል እውነት ለመናገር። ግንባሯ ላይ አንድ መስመር የለም፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ስትስቅ አይኗ እንደድሮው አብሮ አይስቅም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ተነሳባት፣ ተወግታ ነው፣ እድሜዋን ማመን አቅቷት ነው፣ ፈጣሪ የሰጣትን መልክ አበላሸችው፣ አንዷማ "የልጆች እናት አይደለችም እንዴ፣ አታፍርም?" አለች። እኔ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እዚሁ ቤት እነዚሁ ሰዎች ካቻምና ሌላዋ ዘፋኝ ሽበቷን ሳትቀባ ስትወጣ "ወይ ጉድ፣ እንዲህ ጣላት? አሮጊት ሆነች እኮ፣ ራሷን አትጠብቅም?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ሁኑ ነው የምንላቸው? ብታረጅ ስድብ፣ አላረጅም ብትል ስድብ።

ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው የራሴም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ልጄ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ለሰርጉ ትመጣለች፣ እና አዲስ አበባ አብረን እንሂድና ቦቶክስ የሚሉትን የሽብሽባት መርፌ ተወጊ፣ ጉንጭሽንም ፊለር በሚባል ጄል አስሞልቼ ለሰርጉ እንደ ሙሽራዋ ነው የማደርግሽ፣ ብሩን እኔ እችላለሁ ትለኛለች። አምና የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረ ወዲህ ፊቴ በአንዴ ነው የወረደው፣ መስታወት ሳይ እናቴ ቆማ የምታየኝ ይመስለኛል። ለማዲያቴ ደሞ አንዲት ሴት ቀላቅላ የምትሸጠው ክሬም አለ፣ አራት ወር ሆነኝ ስቀባው፣ ፊቴ በደንብ ጠርቷል፣ ብቻ ፀሐይ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ አንድ ቀን ከዘለልኩም ይቀላል ያሳክከኛል። እሱ ያው ቀላል ነው። ጥያቄዬ ስለ ቦቶክሱ ነው፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ጉዳቱ ምንድነው፣ ደሞስ ነውር ነው ወይ?

ፈረንጅ አራዳ፦

እህቴ ለልጅሽ ሰርግ እናት ሁነሽ ሂጂ። ሰው የሚመጣው ሙሽራዋን ሊያይ ነው። በእህትሽ ብር ለልጅሽ ቤት እቃ ግዢላት፣ እኔ በቃ ይሄን ነው የምለው።

ከቨርጂኒያ፦

እኔ ተወግቻለሁ፣ ስለዚህ ከሰማሁት ሳይሆን ከደረሰብኝ ልንገርሽ። 44 ዓመቴ ላይ ነው የጀመርኩት፣ ቅንድቤ መሀል ያለችው መስመር የተቆጣሁ ታስመስለኝ ነበር፣ ስራ ቦታ ሁሌ "ምን ሆነሻል" እባላለሁ። ቦቶክስ ከባክቴሪያ የሚወጣ መርዝ ነው፣ በጣም በጥቂቱ ሲወጋ ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጠዋል፣ ጡንቻው ስለማይኮማተር ቆዳውም አይጨማደድም። መጀመሪያ የአይን ሐኪሞች ነበሩ የሚጠቀሙበት፣ ለሸውራራ አይንና ሳይፈልጉ ለሚጨፈን አይን በ1989 በፈረንጅ አሜሪካ ፈቀደች፣ ለቅንድብ መሀል መስመር የተፈቀደው በ2002 ነው። ከተወጋሽ በጥቂት ቀን መስራት ይጀምራል፣ ሁለት ሳምንት ላይ ሙሉ ይሆናል፣ ከዛ ሶስት አራት ወር ቆይቶ ይጠፋል። ማለትም ለሰርጉ ብለሽ ከተወጋሽ ክረምቱ ሳይወጣ ፊትሽ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ያኔ ወይ ትቀጥያለሽ ወይ ትተያለሽ። እህትሽ በየሶስት ወሩ ትከፍልልሻለች? መተው እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቂኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ስወጋ መድኃኒቱ ወደ ታች ወርዶ የግራ አይኔ ሽፋን ወደቀ። አምስት ሳምንት ግማሽ አይን ሆኜ ነው ስራ የገባሁት፣ በራሱ ጊዜ ተነሳ ግን በየቀኑ አልቅሻለሁ። ፊለር ደሞ ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቺው። እሱ ቦታ የሚሞላ ጄል ነው፣ ብዙ ጊዜ ሂያሉሮኒክ አሲድ፣ ከስድስት ወር እስከ አመት ከመንፈቅ ይቆያል። አደጋው መርፌው የደም ስር ውስጥ ከገባ ነው፣ ደም ይዘጋና ቆዳው ሊሞት ይችላል፣ ጥቂት ሰዎችም አይናቸው ጠፍቷል። ስለዚህ የሚወጋሽን ሰው ሂያሉሮኒዴዝ የሚባለው የፊለሩ ማሟሟያ መድኃኒት እዚሁ በእጃችሁ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ የለም ካለ ተነስተሽ ውጪ። ቦቶክሱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ታዋቂ ሰዎች ያነሳሽው በጣም ነው የነካኝ። ሊንዳ ኤቫንጀሊስታን ታውቂያት እንደሆነ፣ በ1990ዎቹ ከአለም ስመ ጥር ሞዴሎች አንዷ ነበረች። ስብን በማቀዝቀዝ የሚያጠፋ ህክምና አድርጋ ስቡ በመጥፋት ፋንታ አብጦና ጠንክሮ ቀረባት፣ እንዲህ አይነት ነገር ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ የታወቀ ጉዳት ነው፣ ከሰው ተደብቃ አመታት ቆይታ በ2021 ራሷ ወጥታ ተናገረች። በአመቱ መጽሔት ሽፋን ላይ ስትወጣ ደሞ ፊቷና አንገቷ በፕላስተርና በላስቲክ ወደ ኋላ ተስቦ እንደሆነ አልደበቀችም። እኛ እሱን ፎቶ አይተን ነው መስታወት ፊት ቆመን የምናለቅሰው። ፓሜላ አንደርሰን ደሞ በ2023 በ56 አመቷ ፓሪስ የፋሽን ሳምንት ላይ ሜካፕ ሳትቀባ ሄደች ተብሎ የአለም ወሬ ሆነ። አንዲት ሴት በገዛ ፊቷ ከቤቷ ስለወጣች!

ነርስ ጅማ፦

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ሁላችሁም ስለ ቦቶክስ ታወራላችሁ እኔ ግን ያስደነገጠኝ "እሱ ያው ቀላል ነው" ብለሽ ያለፍሽው ክሬም ነው። እዚሁ ከተማ ነው የምሰራው፣ ቆዳ ክፍል ቆይቻለሁ፣ አንቺ የጻፍሽውን ነገር ቃል በቃል ስንት ሴት ስትናገር ሰምቻለሁ። ፊቴ ጠራ፣ ፀሐይ ያቃጥለኛል፣ ከተውኩት ይቀላል። ሶስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ስቴሮይድ ነው።

ላስረዳሽ። ቤታሜታዞን ክሎቤታሶል የሚባሉት የስቴሮይድ ቅባቶች ለችፌና ለሌላ የቆዳ ህመም ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ግን ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ የደም ስሮቹ እንደ ቀይ ክር ይታያሉ፣ ቡግር ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ቆዳሽ ስለሳሳ ደሞ ሽብሽባቱ ይብሳል፣ ማለትም ወጣት ልሁን ብለሽ የምትቀቢው ነገር ራሱ እያስረጀሽ ነው። አንዳንዶቹ ውህዶች ውስጥ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል አለ፣ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ጥሎ ሊቀር ይችላል፣ እሱን ማስለቀቅ ከማዲያት በጣም ይከብዳል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፣ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ በእጅሽ በፎጣሽ በትራስሽ አድርጎ ቤት ውስጥ ላለ ህጻን ይደርሳል። እስቲ ንገሪኝ፣ ክሬሙ ምን ውስጥ ነው ያለው? ላዩ ላይ ጽሁፍ አለው? ቤትሽ ህጻን አለ?

አባ ቡና፦

እኔ ወንድ ነኝ፣ 52 አመቴ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ማንም በደንብ የመለሰ አልመሰለኝም። ማህሙድ አህመድ በ83 አመቱ በጥር 2025 በፈረንጅ አዲስ አበባ ላይ መድረክ ሲሰናበት እኔ ቁጭ ብዬ ኮሜንቱን ሳነብ ነበር ያመሸሁት። እድሜ ይስጥህ፣ አባታችን፣ ድምጽህ እኮ ዛሬም ያው ነው፣ እያሉ ሰዎች ሲያለቅሱ ነበር። ካነበብኩት ውስጥ ፊትህ ተሸበሸበ ያለው አንድም ሰው አላየሁም። ተገቢም ነው፣ ይገባዋል። ግን በእሱ ግማሽ እድሜ ያለች ሴት ዘፋኝ ቪዲዮ ስር ግቡና አንብቡ። ስለ ዘፈኑ የሚያወራ አታገኙም፣ ስለ አንገቷ ነው፣ ስለ ወገቧ ነው። እኔም ራሴ ፀጉሬ ሲመለጥ ማንም ምንም አላለኝም፣ "አባት ሆንክ" ነው ያሉኝ። የስራ ባልደረባዬ ኢስታንቡል ሄዶ ፀጉር አስተክሎ ሲመጣ እንኳን ደስ አለህ ነው የተባለው፣ የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲረግፍ ትንሽ ደነገጠ እንጂ በአመቱ በቅሎለት አሁን በኩራት ነው የሚያሳየው። ሚስቱ ተወግታ ብትመጣ እንደዛ እንደማንላት አውቃለሁ። ጎረቤቶችሽ እሁድ ሲያወሩ ዝም ባትይ ጥሩ ነበር፣ ካቻምና ያሉትን ታስታውሺ ነበር እኮ።

ኡሙ ሃያት፦

አሰላሙ አለይኩም። ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ በኛ ሃይማኖት ጉዳትን ወይም ህመምን ማከምና ለውበት ብሎ ብቻ አላህ የሰጠውን መልክ መቀየር አንድ አይደሉም፣ ኡስታዞቹ ይለዩታል፣ እኔ አልወጋም። ግን ሴትን በአደባባይ ማዋረድም ሐራም ነው፣ እሱን የምንረሳው ይመስለኛል። እናቴ ድዷን ተነቅሳለች፣ አንገቷንም፣ ወይባ ጢስ ትገባ ነበር፣ ማንም ተፈጥሮዋን ቀየረች አላላትም፣ ቆንጆ ነበር ያሏት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ስም ስላለው ገንዘብ ስላለው ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል ብለሽ አታስቢ። የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት የኦባሳንጆ ባለቤት ስቴላ በ2005 በፈረንጅ ስፔን ውስጥ ስብ ለማስወጣት ቀዶ ህክምና አድርጋ በዛው ነው የሞተችው፣ 60 አመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀራት። የቀዳማዊት እመቤት ነገር እንዲህ ከሆነ የእኛን አስቢው። መርፌው እንደሱ አይደለም አውቃለሁ፣ ግን ማን ነው የሚወጋሽ የሚለውን ከዋጋው በፊት ጠይቂ።

የሄርማታዋ፦

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ነርሷ ሆይ፣ ጽሁፍሽን ካነበብኩ በኋላ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ሄጄ ያየሁት። ነጭ የፕላስቲክ እቃ ነው፣ ምንም ጽሁፍ የለውም፣ ሽታው ትንሽ እንደ ብረት ነው። መስኮት ጋ ሄጄ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው አፍንጫዬ ጎን እና ጉንጬ ላይ እንዳልሽው ቀይ ክር አለ። እኔ ፊቴ የጠራ ነበር የመሰለኝ። ቤት ውስጥ የእህቴ ልጅ ሁለት አመት ከግማሽ የሆናት አለች፣ ማታ ማታ ፊቴ ላይ ተለጥፋ ነው የምትተኛው። አሁን ልጣለው?

ነርስ ጅማ፦

አትጣይው፣ በፌስታል ቋጥረሽ ልጅቷ የማትደርስበት ቦታ አስቀምጪው፣ ለሐኪሙ ታሳይዋለሽ። የትራስ ልብሱንና ፎጣውን ለብቻው እጠቢ፣ ልጅቷ ለጊዜው ፊትሽ ላይ አትተኛ። ስቴሮይድ ከሆነ በአንዴ ስትተይው ፊትሽ ሊያብጥና በጣም ሊቀላ ይችላል፣ ያኔ ደንግጠሽ ተመልሰሽ እንዳትቀቢው። ሴቶች ከክሬሙ የማይላቀቁት በዚህ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እንዴት እንደምታቆሚው እሱ ያስተካክልልሻል፣ ሜርኩሪውንም ሽንት አሰርተው ማየት ካስፈለገ ይነግሩሻል።

ፊቴ በአንዴ ወረደ ያልሽውም በሀሳብሽ አይደለም። የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ከቆመ በኋላ ባሉት አምስት አመታት ቆዳ ከኮላጅኑ፣ አጥብቆ ከሚይዘው ፕሮቲን ማለት ነው፣ ወደ 30 በመቶ ያጣል ይባላል። አጥንቱም ስቡም ከፊት ላይ ይቀንሳል። ዘፋኟም ላይ የደረሰው ይሄው ነው፣ ልዩነቱ እሷ ላይ ሲደርስ ካሜራ ፊቷ ላይ ነው።

ማዲያትሽን በተመለከተ ዋናው ፀሐይ ነው። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፣ ከፍ ባልሽ ቁጥር ጨረሩ ይጠነክራል፣ ክረምት ነው ደመና ነው ብለሽም አትተማመኚ፣ ደመናውን አልፎ ይመጣል። ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ማለት ነው፣ 30 ቁጥር ከተገኘ በቂ ነው፣ ቀለም ያለው ቢሆን ለማዲያት ይመረጣል ምክንያቱም የሚታየውም ብርሃን ያባብሰዋል። ካልተገኘ ጃንጥላ፣ ሻሽ፣ ሱቅሽ በር ላይ ፀሐይ በሚመታሽ በኩል አለመቀመጥ። ሎሚ ፊትሽ ላይ እንዳታሺ፣ ሎሚ ነክቶሽ ፀሐይ ካገኘሽ ያቃጥልሻል። ፊትሽ ሳይድን ደሞ ስለ ቦቶክስም ስለ ፊለርም አታስቢ፣ በተቆጣ ቆዳ ላይ መርፌ አይገባም።

ከቨርጂኒያ፦

ነርሷ ትክክል ናት። ለእህትሽ እኔ ብነግራት በወደድኩ፣ እዚህ ያለን ሰዎች ቤተሰባችንን የምንወድበት መንገድ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይመስለናል። ያንን ብር ለቆዳ ህክምናውና ለሰንስክሪን ታድርግልሽ፣ ሰንስክሪኑን በሻንጣ ታምጣልሽ።

የሄርማታዋ፦

እህቴን ትናንት ማታ ደውዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቆይታ አለቀሰች፣ እሷም እዛ ከፀሐይ የተነሳ ሳይሆን ከስራ ብዛት ፊቷ እንደወረደና ለሰርጉ ፎቶ ብቻዋን መወጋት ፈርታ እንደሆነ ነገረችኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። ሰንስክሪኑን ሶስት አድርጋ ታመጣለች። ስለ መርፌው ከሰርጉ በኋላ አብረን እናወራለን ተባብለናል፣ አልወጋም ብዬ አልማልኩም፣ ግን ለአንድ ቀን ፎቶ አይሆንም።

ልጄ የክሬሙን ነገር ስትሰማ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ እሷም ከኔ እቃ እየጨለፈች ለሰርጓ ሁለት ሳምንት ተቀብታለች። እሷንም ይዣት ነው የምሄደው። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አግኝተናል። ክሬሙን በሁለት ፌስታል ቋጥሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ የተባልነውን ማታውን እጽፍላችኋለሁ።