ሥልጣን የለቀቀ ሹም በሴኔት ፊት ሊዳኝ ይገባ ነበርን? የቤልናፕ ጉዳይ

የመነሻ ጥያቄ፦ በአሜሪካ በፕሬዚዳንት ዩሊሴስ ግራንት ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ቤልናፕ፣ ጉቦ መቀበሉ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት በተጋለጠ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1876 ጠዋት ወደ ፕሬዚዳንቱ ሄዶ ሥራውን ለቀቀ። የተወካዮች ምክር ቤት በዚያው ዕለት ያለ ተቃውሞ ድምፅ ከሰሰው። ምክር ቤቱ የከሰሰውን ሹም የሚዳኘው ሴኔቱ ነው፤ ታዲያ ሥራውን የለቀቀውን ይህን ሰው የመዳኘት ሥልጣን ነበረውን?

የመጀመሪያው አስተያየት፦ በእኔ እምነት አልነበረውም። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉና ሌሎች የመንግሥት ሹማምንት በክህደት፣ በጉቦና በሌላ ከባድ ጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ ከሥልጣን እንደሚሻሩ ይደነግጋል። የሥርዓቱ ዓላማ መሻር ከሆነ፣ ራሱን ያሰናበተን ሰው ማን ይሽረዋል? እ.ኤ.አ. በ1799 የሴናተር ዊልያም ብላውንት ክስ ሴኔቱ ሥልጣን የለኝም በማለቱ ውድቅ ሆኗል። ቤልናፕ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉቦ ወንጀል ነውና የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

ሁለተኛው አስተያየት፦ ወንድሜ፣ የጠቀሱት አንቀጽ ብቻውን አይቆምም። ያው ሕገ መንግሥት ሴኔቱ ከመሻር ሌላ፣ ጥፋተኛው ዳግመኛ የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዝ መከልከል እንደሚችል ይናገራል። ተከሳሹ ከክሱ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ በመልቀቅ ከዚህ ቅጣት የሚያመልጥ ከሆነ፣ ክልከላው የሚነካው ለመልቀቅ ያልፈጠነውን ብቻ ነው። ብላውንትም ሴናተር ስለነበረ፣ ሴናተር የመንግሥት ሹም ይባላል ወይ የሚል ሌላ ክርክር በጉዳዩ ውስጥ ነበር፤ ለሚኒስትር እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይችልም።

ደግሞም የተሠራውን በደል እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣ ሕግ በጦር ምሽጎች ውስጥ የሚነግዱትን ነጋዴዎች የመሾም ሥልጣን ለጦር ሚኒስትሩ ብቻ ሰጠ። ኬሌብ ማርሽ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው፣ በሚኒስትሩ ባለቤት አማላጅነት፣ ዛሬ ኦክላሆማ በምትባለው ግዛት ያለው የፎርት ሲል ምሽግ የንግድ ሹመት ተፈቀደለት። ይሁን እንጂ ማርሽ አንድም ቀን ሱቅ አልከፈተም። በቦታው ይነግድ የነበረው ጆን ኢቫንስ እንዳይነሣ በዓመት 12,000 ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ፤ ማርሽም ግማሹን ወደ ሚኒስትሩ ቤት ይልክ ነበር። ወይዘሮዋ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲሞቱ ገንዘቡ አልቆመም፤ ክፍያው ከጊዜ በኋላ ቢቀነስም ለዓመታት ቀጠለ፤ በድምሩም ወደ 20,000 ዶላር ደረሰ። የሚኒስትር የዓመት ደመወዝ በዚያን ጊዜ 8,000 ዶላር ነበር። ኢቫንስ ይህን ወጪ ከየት ሊመልሰው ይችላል? ከምሽጉ ርቆ መገበያየት ከማይችለው ተራ ወታደር ነው፤ የሚኒስትሩ ተቀዳሚ ኃላፊነት ግን ይህንኑ ወታደር መጠበቅ ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት፦ ውድ እኅቴ፣ በደሉን በሚገባ ገልጸዋል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ውጤቱን ይመልከቱ። ሴኔቱ የመዳኘት ሥልጣን አለኝ ብሎ የወሰነው በ37 ለ29 ድምፅ ነው። ኦገስት 1 ቀን 1876 የመጨረሻው ድምፅ ሲሰጥ ጥፋተኛ ነው ያሉት እንደየክሱ ከ35 እስከ 37 ብቻ ስለነበሩ ጥፋተኛ ለማለት የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አልሞላም፤ ነጻ ነው ካሉት 25 ሴናተሮች አብዛኞቹም ምክንያታቸው የሥልጣን ጥያቄው እንደሆነ ተናግረዋል። የሥልጣን ጥርጣሬ ያለበት ችሎት፣ ማስረጃው የከበደበትን ሰው እንኳ በነጻ አሰናበተ። ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ለፍርድ ቤት ቢተው ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ተከራካሪ፣ መልስ፦ የጠቀሱት ቁጥር ለእኔ ይመሰክራል። የሥልጣን ጥያቄው በድምፅ ብልጫ ተወስኖ ካበቃ በኋላ፣ የተሸነፉት ወገኖች በፍርዱ ቀን ያንኑ ጥያቄ መልሰው በማንሣታቸው ነው ቤልናፕ ያመለጠው፤ ማስረጃውን ስላልተቀበሉት አይደለም። ችሎቱ የወደቀው ሥልጣን ስላልነበረው ሳይሆን፣ አባላቱ ለራሳቸው ውሳኔ ስላልተገዙ ነው። ለፍርድ ቤት ይተው የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ ደግሞ፣ በዋሽንግተን ከተማ የተጀመረው የወንጀል ክስ እ.ኤ.አ. በ1877 መጀመሪያ ላይ፣ ግራንት ገና በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ተቋርጧል። የሹሙን ክስ የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ተጠሪነቱ ሹሙን ለሾመው ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ከሴኔቱ በቀር ቤልናፕን የሚጠይቅ ማን ነበር? ሁለታችሁም እንድትመልሱልኝ የምጠይቀው ይህን ነው።