ዕብራይስጥ ለዩኒቨርሲቲ፦ ከኡልፓኑም ከአፑም የቱ ይሻላል? የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። "እስራኤል ዩኒቨርሲቲ አፕላይ ላደርግ ነው፣ ዕብራይስጥ የት ልማር፣ የቱ ኡልፓን ይሻላል፣ የቱ አፕ ይሻላል" ነው ሁሉም (ኡልፓን ማለት የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው)። ለእያንዳንዱ ስመልስ ከምከርም እዚሁ ዘርግፌው ልገላገል። ረጅም ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምትገቡበት ፕሮግራም በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ እዩ። ይሄን ምለው የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ማስተርስ ሊያመለክት ብሎ ስምንት ወር ሙሉ ኦንላይን ዕብራይስጥ ከፍሎ ከተማረ በኋላ ነው ፕሮግራሙ ከሀ እስከ ፐ በእንግሊዝኛ መሆኑን ያወቀው። ከኢትዮጵያ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ምትመጡ አብዛኞቻችሁ ምትገቡበት ቦታ እንደዛ ነው፦ ሬሆቮት ያለው ቫይዝማን ኢንስቲትዩት በእንግሊዝኛ ነው፣ እዛው ሬሆቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲም ለውጭ ተማሪ በእንግሊዝኛ ማስተርስ አለው፣ ስዴ ቦኬር በረሃው ላይ ያለው የአልበርት ካትዝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ ኢየሩሳሌም ሀዳሳ ያለው የብራውን የሕዝብ ጤና ማስተርስም እንደዛው፣ እሱ እንደውም የኛ ሀገር የጤና ባለሙያዎች ሲማሩበት የኖረ ነው። ለነዚህ ሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ማስረጃ ነው። ዕብራይስጡ ለዳቦ ቤትና ለአውቶብስ ነው ሚያስፈልጋችሁ፣ እሱን ደግሞ እዚህ ስትመጡ በወር ውስጥ ትለቅሙታላችሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ አለ፣ ሄርዝሊያ ያለው ራይሽማን (በ2021 ነው ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ ድሮ ኮሌጅ ነበር) አለ፣ ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም የሊበራል አርትስ ፕሮግራም አለው፣ ክፍያው ግን ጥርስ ያስነክሳል። የቀረው ቢኤ ባብዛኛው በዕብራይስጥ ነው፣ ስለዚህ ጥቆማዬ ከዚህ በኋላ ያለው በሙሉ ለናንተና እዚሁ ላለነው ለኦሊም (ነጠላው ኦሌ፣ ዜጋ ሆነን ለመኖር ወደ እስራኤል የገባን) ነው።

አሁን ሚጠይቁት ምንድነው? ሁለት ቃል ያዙ፣ ያኤል እና ፕቶር። ያኤል የዕብራይስጥ ፈተና ነው፣ የሚያዘጋጀውም ፕሲሆሜትሪውን (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን) ሚያዘጋጀው ብሔራዊ የፈተና ማዕከል ነው፣ ውጤቱ ከ50 እስከ 150 ነው። ዓረፍተ ነገር ማሟላት፣ ዓረፍተ ነገርን በሌላ አባባል ማግኘት፣ አንብቦ መረዳት፣ ከዛ ደግሞ ድርሰት መጻፍ አለው። ኮምፒውተር ላይ ሚሰጠው ያኤልኔት ይባላል። ፕቶር ማለት ደግሞ "ነፃ ወጥተሃል፣ ከዚህ በኋላ የቋንቋ ክፍል አትገባም" ማለት ነው። ኡልፓን ከአሌፍ ይጀምርና ቤት፣ ጊመል፣ ዳሌት፣ ሄይ፣ ቫቭ እያለ ይሄዳል፣ ዩኒቨርሲቲ ሚፈልጋችሁ ከላይ ከላይኛው ነው። ስንት ነጥብ ያስፈልጋል ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከፋኩልቲ ፋኩልቲም ይለያያል፣ ምታመለክቱበት ዲፓርትመንት ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ እመኑ። አንዳንዱ ትንሽ ዝቅ ያለ ውጤት ይዛችሁ ብትገቡም ይቀበልና በመጀመሪያው ዓመት ጎን ለጎን ጨርሱ ይላል።

ስለ ፕሲሆሜትሪ ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፣ በአረብኛ አለ፣ በራሽኛ አለ፣ በአማርኛ የለም። ይሄን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ፣ ግን ያው ነው።

ወደ ኡልፓኖቹ እንግባ።

የመንግሥቱ ኡልፓን ለኦሊም ነፃ ነው፣ መደበኛው አምስት ወር ገደማ ነው፣ ከእሁድ እስከ ሐሙስ በየቀኑ፣ ባጠቃላይ 500 ሰዓት። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው መርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ውስጥ ምንማረው ረዘም ይላል፣ አስር ወር አካባቢ። ነፃ ነገር አይናቅም፣ ተማሩት፣ ነገር ግን እዛ ያለው ዕብራይስጥ የባንክ፣ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን)፣ የደሞዝ ወረቀት ዕብራይስጥ ነው። እኔ ስጨርስ ከነርሷ ጋር መሟገት እችል ነበር፣ የጋዜጣ አንድ አንቀጽ ግን ማንበብ አልችልም። ወጣት ሆናችሁ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሆነ ኢየሩሳሌም ኡልፓን ኤትዝዮንን ጠይቁ፣ በ1949 የተከፈተ የመጀመሪያው ኡልፓን ነው፣ ለተማረ ወጣት ነው የታሰበው፣ አብሯችሁ ሚቀመጠውም ሰው እንደናንተ ዩኒቨርሲቲ ሚያስብ ስለሆነ ይጎትታችኋል።

ኦሌ ያልሆናችሁ፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ (ኤ2 ሚባለው) ምትመጡ፣ ነፃው አይመለከታችሁም። ለናንተ እኔ ምጠቁመው ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ትምህርት ሳይጀመር በክረምት ሚሰጡትን ኡልፓን ነው። ውድ ነው፣ አዎ። ግን በቀን ብዙ ሰዓት ነው፣ ደረጃው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሚያውቀው ነው፣ ስትጨርሱ "ይሄ የማነው ሰርተፊኬት" ሚላችሁ የለም። ቴል አቪቭ አካባቢ ካላችሁና አቅም ካነሰ ደግሞ ኡልፓን ጎርዶን አለ፣ የማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ከግሎቹ ይቀላል፣ ኦሌ ያልሆነም ይገባበታል። ሲቲዝን ካፌ ሚባለው ለመንገድ ንግግር ነው፣ ወጣቱ ይወደዋል፣ ዓላማችሁ ያኤል ከሆነ ግን የተሳሳተ በር ነው። የኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ኡልፓንም አለ፣ ግማሹን ሥራ ግማሹን ትምህርት፣ ማደሪያና ምግብ ስላለው ሰው ይመኘዋል። እኔ ሦስት ጓደኞች አሉኝ በሱ ያለፉ፣ ሦስቱም ላም ማለብ ችለዋል፣ ፕቶር ያገኘው አንዱ ነው።

ስለ ግል ኮርሶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። "በሁለት ወር ፕቶር" የሚል ማስታወቂያ አየሁና ከፈልኩ፣ የሱፐርማርኬት ሥራ ሦስት ወር ያጠራቀምኩትን። መምህሯ ጎበዝ ነበረች፣ ሰው ታስቃለች፣ ዘፈን ታዘፍነናለች፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ ግን አንድ ድርሰት አልጻፍንም። አንድም! ያኤል ላይ ሰዓቱ እየቆጠረ ባዶ ስክሪን ፊቴ ላይ ሲያፈጥብኝ ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ማንኛውንም ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "በሳምንት ስንት ድርሰት ታርማላችሁ?" ሚያንተባትብ ከሆነ ውጡ።

መኺና። እዚህ ላይ መሳቅ ይቻላል፣ እናቴን "መኺና ገባሁ" ብዬ ስነግራት "እሰይ ልጄ፣ በምን ገንዘብ ገዛሃት?" ነው ያለችኝ። መኺና በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ዓመት ሚወስድ መሰናዶ ነው፣ ዕብራይስጥ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ እንግሊዝኛ አለ። ከሁሉም አወዳድሬ ለኦሊም አንደኛ ምመርጠው ይሄን ነው። አንድ ዓመት አቃጠልኩ ትላላችሁ፣ አላቃጠላችሁም፣ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር በዕብራይስጥ መስማት ምን እንደሚመስል እዛ ነው ጆሮ ሚለምደው። ክፍያውን ሚንሃል ሀስቱደንቲም (የኦሊም ተማሪዎች አስተዳደር) ያግዛል፣ የዕድሜም የጊዜም ገደብ ስላለው ግን "ትንሽ ሠርቼ ብር ይዤ" እያላችሁ ዓመታት አታሳልፉ፣ ብዙ ጓደኞቼ እዛ ላይ ነው የቀሩት። እንግሊዝኛውንም እንዳትረሱ፣ አሚርኔት ሚባል ፈተና አለ፣ 134 ካመጣችሁ ከእንግሊዝኛ ኮርስ ነፃ ናችሁ።

አሁን የምወደው ክፍል። አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ ሀብት ነው፣ ማንም ኡልፓን ውስጥ አይነግራችሁም። ፈረንሳዩ ስለ ሦስት ፊደል ሥር አንድ ሳምንት ሲጨነቅ እኛ እኮ ለመደ፣ ተለመደ፣ አስለመደ እያልን ነው ያደግነው። ዕብራይስጡ ላማድ (ተማረ)፣ ሊሜድ (አስተማረ) ይላል፣ ይኸው ለመደ። ካታቭ ጻፈ ነው፣ ክታብን አስቡ፣ ከሱ ሚኽታቭ (ደብዳቤ)፣ ክቶቬት (አድራሻ)፣ ክቲቫ (ጽሕፈት)። ሻማይም ሰማይ፣ ኮኻቭ ኮከብ፣ ሌቭ ልብ፣ ዳም ደም። ግዕዝ የቀመሰ ሰው ደግሞ ይዘላል፦ ኬሌቭ ውሻ ነው፣ በግዕዝ ከልብ፣ ኤቬን ድንጋይ ነው፣ በግዕዝ እብን፣ ኤትስ እንጨት ነው፣ ዕፅ። የኛ ቄስ አጎቴ በስልሳ ምናምን ዓመታቸው ኡልፓን ገብተው መምህሯን ሲያስደነግጧት ነበር። አንዳንዱ ግን ያታልላል፣ "አፍ" እነሱ ጋ አፍንጫ ነው፣ ሐኪም ቤት ተጠንቀቁ።

ሚያስቸግረን ግን ሌላ ነው፣ አናባቢው። ፊደላችን ሰ ሱ ሲ ሳ እያለ ሁሉን ይነግረናል፣ የነሱ ግን ለልጅና ለጸሎት መጽሐፍ ካልሆነ ነጥቡን (ኒኩድ) አያስቀምጥም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ ብቻ ያለባትን ቃል "ሴፈር" ብዬ መጽሐፍ አልኳት፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን "አባቴ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ" ነበር፣ ሳፓር ነው፣ ፀጉር አስተካካይ። ሳፋር ተብላ ብትነበብ ደግሞ ቆጠረ ናት። ያኤል ላይ ፍጥነታችሁን ሚገድለው ይሄ ነው። መድኃኒቱ ያለ ኒኩድ በየቀኑ ማንበብ ነው፣ መጀመሪያ ግን በቀላል ዕብራይስጥ የሚጻፍ ዜና ፈልጉ፣ ቀጥታ ትልልቁ ጋዜጣ ላይ ከዘለላችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

አፖች፣ ቶሎ ቶሎ። ዱዎሊንጎ ፊደል ለመልመድ ይበቃል፣ ከእንግሊዝኛ ነው ሚያስተምረው፣ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ለፈተና አያደርስም። ፔአሊም ሚባለው ድረ ገጽ ግን ወርቅ ነው፣ አንድ ግስ ስትጽፉ እርባታውን በሙሉ ከነኒኩዱ ይዘረግፍላችኋል፣ ሴፈርና ሳፓር ለሚያምታታን ሰዎች የተሠራ ይመስላል። ሞርፊክስ መዝገበ ቃላት ነው፣ ከእንግሊዝኛ ዕብራይስጥ፣ ስልካችሁ ላይ ይኑር። አንኪ (የቃል መሸምደጃ ካርድ አፕ) ላይ ካርዱን ራሳችሁ ሥሩ፣ በአንድ በኩል ዕብራይስጡን በሌላው አማርኛውን፣ ሌላ ሰው የሠራውን አታውርዱ፣ ሲጽፉት ነው ሚገባው። ለጆሮ ደግሞ ካን ሬካ አለ፣ ሬዲዮው በአማርኛም ያሰራጫል፣ እኔ መጀመሪያ ዜናውን በአማርኛ እሰማና በኋላ ያንኑ ዜና በዕብራይስጥ እፈልጋለሁ፣ ምን እንደሚያወሩ ስለማውቅ ቃሉ ራሱ ይመጣልኛል። ለያኤሉ ለራሱ ከምንም በፊት የፈተና ማዕከሉ በነፃ ያስቀመጠውን መለማመጃ ሥሩ፣ ሰዎች መቶ ምናምን ሼቄል ከፍለው ፎቶኮፒ ሲገዙ ሳይ ያመኛል።

ኮሜንት ላይ ለጠየቃችሁኝ፦

ጎንደር ያላችሁና ጉዟችሁን ምትጠብቁ፣ ምኩራቡ ውስጥ ሚሰጠውን ዕብራይስጥ አትናቁት፣ ፊደሉን ጨርሶ የመጣና ከአሌፍ ሚጀምር ሰው እኩል አይደሉም።

"ዕድሜዬ ሄዷል፣ ባግሩትም (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) የለኝም" ላልሽው እህቴ፣ ክፍቱ ዩኒቨርሲቲ (ሀኡኒቨርሲታ ሀፕቱኻ) ባግሩትም ፕሲሆሜትሪም ሳይጠይቅ ያስገባል። ትምህርቱ በዕብራይስጥ መሆኑ ግን አይቀርም፣ ስለዚህ አንድ ኮርስ ብቻ ወስደሽ ሞክሪው።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል" ላልከኝ ወንድሜ፣ እኔ ከመርከዝ ክሊታ ወጥቼ ፕቶር እስካገኝ ሁለት ዓመት ተኩል ነው የፈጀብኝ፣ እየሠራሁ። መኺና ቀጥታ የገባችው እህቴ በአንድ ዓመት ከግማሽ ጨርሳለች።

እና አንድ የረሳሁት፦ ድርሰቱን ኮምፒውተር ላይ ምትጽፉ ከሆነ የዕብራይስጥ ኪቦርድ አሁኑኑ ልመዱ። ስልክ ላይ መጻፍ አይቆጠርም። ሺን "ኤ" ላይ ናት፣ ቤት "ሲ" ላይ ናት፣ ኩፍ "ኢ" ላይ ናት። እኔ ሚለጠፍ ስቲከር ገዝቼ ላፕቶፔ ላይ ለጥፌ በየማታው አንድ አንቀጽ ከጋዜጣ እየገለበጥኩ ነው የለመድኩት፣ ሁለተኛው ፈተና ላይ ቢያንስ ፊደል ፍለጋ ጊዜ አላባከንኩም። ስቲከሩ አሁንም አለኝ፣ ቤር ሼቫ አካባቢ ያለ ሰው ከፈለገ መጥቶ ይውሰድ።