ሆልደን ኮልፊልድን የ17 ዓመት ልጅ ለምን ይጠላዋል?

የከዚራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ጄ. ዲ. ሳሊንጀር ልብ ወለድ «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ነው። የወደዳችሁትም የጠላችሁትም መልሱልኝ፤ እንዲያውም አንብባችሁ የተናደዳችሁትን ይበልጥ እፈልጋችኋለሁ።

እኔ ያነበብኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ከሚያዞር ልጅ የገዛሁት፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ ቅጂ እስካሁን አለኝ። ዋናው ባለታሪክ ሆልደን ከአምስት ትምህርት በአራቱ ወድቆ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ይባረራል፤ ለወላጆቹ ሳይናገር ኒውዮርክ ገብቶ ሆቴል ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ አስመሳይ እያለ ሲንከራተት ይሰነብታል። ያን ጊዜ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር መግባባት አቅቶኝ ስለነበር የልቤን የሚናገርልኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። እሱ «አስመሳዮች» ባለ ቁጥር እኔ በእርሳስ አሰምርበት ነበር።

አሁን የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ይኖራል። እናቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ያቀረቡለትን ይበላል፣ ማታ ሙቀቱ ሲያይል ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ይተኛል። ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም፤ ግን ከአፉ ቃል አይወጣም። እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ ያንን መጽሐፍ ሰጠሁት። ሳምንት ሳይሞላ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ቀበጥ ነው» አለኝ።

ምኑ ብዬ ስጠይቀው ገጹን ገልጦ አሳየኝ። ሆልደን አያቱ በዓመት አራት ጊዜ ያህል የልደት ገንዘብ እንደምትልክለት ይናገራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አባካኝ እንደሆነና ምግብ ቤት ሲከፍል መልሱን መቀበል እንደሚረሳ ያወራል። «መልሱን ትቶ ይሄዳል እኮ አክስቴ!» አለኝ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እናቱ ስትልክ ባንክ አብሮኝ የሚሄደው እሱ ነው። የዕለቱን ምንዛሪ ከገንዘብ ከፋይዋ ቀድሞ ያውቃል።

በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች ይህን መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚያነቡት? ወይስ የእኛ ፍቅር ለራሳችን ጉርምስና ነው? እናንተስ መቼ አነበባችሁት?

የባቡር ሰው፦

ልጁ ልክ ነው፤ ክርክሩን እዚህ ላይ መዝጋት ይቻላል። አንቺ ስላልኩሽ ቅር አይበልሽ፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማይበዛ ታውቂያለሽ።

እኔ ያነበብኩት በፈረንሳይኛ ነው። እዚህ ባቡር ጥገና ስንሠራ አለቆቻችንም የመለዋወጫው መጽሐፍም ፈረንሳይኛ ስለነበሩ፣ ቋንቋውን ወደን ሳይሆን ተገደን ለመድነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ልብ ወለድ ሁሉ እያነሳሁ አነብ ነበር። በሆልደን ዕድሜ ለመካኒክ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ከሎኮሞቲቭ ሥር ስወጣ እናቴ የምትለየኝ በድምፄ ነበር። ጌታው ሆልደን ግን በታክሲ ተንደላቆ ሹፌሩን «ፓርኩ ውስጥ ያለው ኩሬ በረዶ ሲሆን ዳክዬዎቹ የት ይሄዳሉ?» እያለ ይጨቀጭቀዋል። ሹፌሩ መናደዱ ሲያንሰው ነው። እኔ ብሆን «የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሲሞላ ሰዎቹ የት እንደሚሄዱ ጠይቀህ ታውቃለህ?» እለው ነበር።

አንድ ቦታ ግን አልክድም። ባቡር ላይ የክፍል ጓደኛውን እናት ያገኛል። ልጇ በትምህርት ቤቱ ካሉት ሁሉ የከፋ ነው ብሎ ያምናል፤ ለእናቲቱ ግን ልጅሽ ዓይን አፋር ነው፣ ትሑት ነው፣ የክፍል አለቃ አድርገን ልንመርጠው ስንል እምቢ ያለው ከትሕትናው የተነሳ ነው እያለ ደስ ያሰኛታል። ባቡር ላይ ስንት ውሸት ሰምቻለሁ፣ ግማሹን የተናገሩት ዕቃቸውን ከፈታሽ የደበቁ ነጋዴዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ደግ ውሸት ግን አልሰማሁም።

ማታ አንባቢ፦

ለልጅ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር ማሰብ ነበረብሽ። በፈረንጆች 1980 ዘፋኙን ጆን ሌኖንን የገደለው ሰው ሲያዝ ይህ መጽሐፍ በእጁ ነበር። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በስድቡና በነውሩ ምክንያት ከስንት ትምህርት ቤት አስወጥተውታል። ዝምተኛ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ አይደለም።

ከጀጎል ውስጥ፦

ነፍሰ ገዳይ በእጁ የያዘውን ሁሉ ከፈራን ስንት ቅዱስ መጽሐፍ ልናቃጥል ነው? ደግሞም ያስወጡት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ከእነሱ ይበዛሉ።

የምኖረው ሐረር ነው፣ ያደግኩት ድሬ፤ ሥራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር። ከዚህ መጽሐፍ የተወሰኑ ገጾችን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጮክ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ የከዚራዋ ልጅ ይበሳጫሉ፤ አሊ ላይ ስንደርስ ግን ክፍሉ ይቀየራል። አሊ ስላልኩ የድሬው መጋላ ሰፈር ልጅ እንዳይመስላችሁ፣ የሆልደን ታናሽ ወንድም ነው። በ11 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞቷል። የቤዝቦል ጓንቱ ላይ፣ ሜዳ ቆሞ ኳስ የሚመታ ሰው እስኪመጣ የሚያነበው እንዲኖረው፣ በአረንጓዴ ቀለም ግጥም ይጽፍ ነበር። በሞተባት ሌሊት ሆልደን ጋራዥ ውስጥ አደረና የመስኮቶቹን መስታወት ሁሉ በቡጢ ሰባበረ።

ይህን ሁሉም አንባቢ ያስታውሰዋል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ወደ መጨረሻው አካባቢ ጣል የተደረገች አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ ሆልደን በወንድሙ ቀብር ላይ አልነበረም። እጁን ስለጎዳ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብላቸው ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ለቅሶ አልደረሰም» አለችኝ። እኔ ስለዚህ መጽሐፍ ካነበብኩት ትንታኔ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። እርሙን አላወጣም። ማንም አቅፎ አላስለቀሰውም። በኋላ ከወላጆቹ ጋር መቃብሩን ሊጎበኝ ሄዶ ዝናብ ይመጣል፤ ጠያቂው ሁሉ እየሮጠ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ጥሩ እራት ወዳለበት ይሄዳል። ከአሊ በቀር። ልጁን ያሳበደው ይህ ነው፤ ሰው ሬሳ ጥሎ ወደ እራቱ መሄዱ። እኛ ዘንድ ቢሆን ዕድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ ልጁ መሐል ተቀምጦ «ወንድምህ እንዴት ያለ ልጅ ነበር» እየተባለ ይነገረው ነበር።

ደግሞ እኛም ጋ የሚያመልጠው አለ። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ከሰፈራችን አንድ ትንሽ ልጅ ሄደ። ታላቅ ወንድሙ ያን ጊዜ ጭሮ ከተማ አያቱ ዘንድ ነበር። ሲመጣ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ሰዉ የድርሻውን አልቅሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። የታናሹን የሸራ ጫማ ተረከዙን ረግጦ፣ ጣቶቹን አጥፎ እያደረገ ትምህርት ቤት ይመጣ ነበር። በግፊያ ያንን ጫማ የረገጠበት ወዮለት፤ ደም ሳይፈስ አይለያዩም። መምህራኑ ባለጌ ይሉት ነበር።

ሳሊንጀርም ቢሆን ሞትን በወሬ ያወቀ ሰው አይደለም። በፈረንጆች 1944 ኖርማንዲ ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች በጦርነቱ መካከል ይዟቸው ይዞር እንደነበር ይነገራል። መጽሐፉ በፈረንጆች 1951 ወጣ።

የከዚራዋ፣ ልጁ እንዲያናግርሽ ብለሽ ነው የሰጠሽው አይደል? እንግዲህ አናግሮሻል። ስለ መልሱ ሲጮህ የጮኸው ስለ እናቱ ነው።

12ኛ ክፍል፦

ትልልቆች መካከል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ የልጁ እኩያ ነኝ፣ ሐረር ነው የምማረው፣ መጽሐፉንም በስልኬ ነው ያነበብኩት።

መምህር፣ የተናገሩት ነገር አሳዝኖኛል፤ ግን ሁሉንም ነገር ለወንድሙ ሞት ከሰጠነው ልጁ የተናገረው እውነት ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ በእርግጥም ውሸታም ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ ፈረስ ሲዘል ይታያል፤ እሱ ግን በአካባቢው አንድ ፈረስ እንኳ አይቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት በተማረበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጄምስ ካስል የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር። ስለ አንድ ጉረኛ የተናገረውን አላነሣም ብሎ ልጆቹ ክፍሉን ዘግተው ሲያሰቃዩት በመስኮት ዘለለና ሞተ። ሲሞት የለበሰው ሹራብ ከሆልደን የተዋሰው ነው። ያሰቃዩት ልጆች ተባረሩ እንጂ አልታሰሩም። በዚህ የማይናደድ ሰው ነው ሐኪም የሚያስፈልገው። ትልልቅ ሰዎች ስንናደድ «ምን ሆኖ ነው?» ትላላችሁ። ምን አይቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ በጣም የወደድኩት ኒውዮርክ እንደደረሰ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ስልክ ሊደውል የሚገባበትን ነው። ታላቅ ወንድሙ ሩቅ ነው፣ ትንሽ እኅቱ ፊቢ ተኝታለች፣ የአንዷ እናት ለእናቱ ትነግርበታለች፣ እያለ አንድ በአንድ ይሰርዝና ለማንም ሳይደውል ይወጣል። ይህ ነገር ቀብጦ የሚመጣ አይደለም።

እትዬ፣ ልጁን ስለ ሆልደን አትጠይቂው። ስለ ፊቢ ጠይቂው።

የከዚራዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ አንባቢ፣ ስለ ስድቡ አታስብ፤ ከዚያ የባሰ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ይሰማል። ዝምተኛ ልጅ ስላልከው ግን አልስማማም። ዝምታውን ያመጣው መጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉ ቤቴ ሳይገባ በፊት ነው የመጣው።

መምህር፣ ያች ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪህ ያለችውን ካነበብኩ በኋላ ቀብሩን የሚያነሣበትን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። የዩኒቨርሲቲ እርሳሴ ከላይም ከታችም አስምሮ ያችን ዐረፍተ ነገር ዘሏታል። አስመሳይ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ይሆናል። በቅጡ ያላለቀስኩለት ሰው በሕይወቴ ስላልነበረም ይሆናል።

12ኛ ክፍል፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ (ወንድ ከሆንክም ይቅርታ)። ትናንት ማታ ሽሮ እያማሰልኩ «ለመሆኑ ፊቢስ?» አልኩት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ብዙ አወራኝ። ልጅቷ 10 ዓመቷ ነው፤ የገና ስጦታ ልትገዛበት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሆልደን ትሰጠዋለች፣ 8 ዶላር ከምናምን ሳንቲም። ሆልደን ይቀበላትና ማልቀስ ይጀምራል። የእኔው ልጅ ይህንን ሁሉ በዝርዝር ነገረኝና «ያለቀሰው አፍሮ ነው። ይፈር! የሕፃን ልጅ ገንዘብ ተቀብሎ፣ የአያቱን ገንዘብ ቡና ቤት በትኖ» ብሎ ደመደመ። ስለዚህ አቋሙ ያው ነው፤ ቁጣው ግን አሁን ቁርጥራጭ ቃል ሳይሆን ሙሉ ወሬ ሆኗል። ሽሮው ሊያርርብኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን መጽሐፍ አሁንም እወደዋለሁ። መልስ ስለመርሳቱ የሚያወራበትን ቦታ ግን ከአሁን በኋላ ፈገግ ብዬ የማነበው አይመስለኝም።

የባቡር ሰው፦

ልጁ አንድ ነገር አሳልፏል፣ ንገሪው። ሆልደን ገንዘቡን ሊመልስላት ሞክሯል። መጨረሻው አካባቢ፣ ፈረሶቹ የሚሽከረከሩበት ጨዋታ ጋ፣ ለእሷ ትኬት ይገዛና የቀረውን ገንዘብሽንም ውሰጂ ብሎ ይዘረጋላታል። ፊቢ ናት እምቢ ያለችው። «አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ትለዋለች፤ ወዲያው ደግሞ «እባክህ» ትጨምራለች። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ደግሞ ያንብበው።

የከዚራዋ፦

አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ልክ ነው፣ ክርክሩ ይዘጋ ብለህ አልነበር? እባክህን እንኳ አልረሳህም እኮ!

የባቡር ሰው፦

ከጅቡቲ ድሬ ባቡር ሲበላሽ በረሃ ላይ ስንት ሰዓት እንቆም እንደነበር አታውቂም መሰለኝ። በእጄ የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እጀምረው ነበር። ልጁ ግን አሁንም ቀበጥ ነው።