ለሰፈር አማካሪ ኮሚሽን የሚወዳደሩ ዕጩዎችን ማንነት ከየት ማወቅ ይቻላል? (ዋሽንግተን ዲሲ)

አዲስ መራጭ (ብራይትውድ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ዜግነት ከወሰድኩ ወዲህ በየምርጫው ለመሳተፍ እጥራለሁ። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲደርሰኝ ለከንቲባነትና ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩትን ቢያንስ በዝና አውቃቸዋለሁ፤ ወደ ታች ወርጄ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤኤንሲ የምንለው፣ ዘንድ ስደርስ ግን ከማላውቃቸው ሁለት ስሞች በቀር የማገኘው ነገር የለም። ውድድሩ ከፓርቲ ነፃ ስለሆነ ከስማቸው ጎን ምንም ፍንጭ አይታይም፤ ጋዜጦችም ለእንዲህ ያለ ትንሽ ወንበር ቦታ አይሰጡም፤ ዲሲስት የተባለው የአካባቢ ዜና ድረ ገጽ በ2024 ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። ነዋሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጇቸው፣ ስለ ዕጩዎች የሚያስረዱ ድረ ገጾች እንዳሉ ሰምቻለሁ። የትኞቹ ናቸው? ዕጩው ስለ ራሱ የጻፈውን ተቀብሎ የሚያትም ድረ ገጽስ ከቅስቀሳ ወረቀት በምን ይለያል?

የጆርጂያ አቬኑ ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በመጀመሪያ የወንበሩን መጠን ማወቅ ይጠቅማል፤ አንድ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ከ2022ቱ የወሰን ክለላ በኋላ በከተማው 345 እንዲህ ያሉ ጥቃቅን የምርጫ ክልሎች አሉ። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ሲሆን ደመወዝ የለውም። ይህን ያህል ብዛት ያለውን ውድድር አንድ የዜና ክፍል ሊከታተለው ስለማይችል፣ ክፍተቱን የሞሉት በአብዛኛው ነዋሪዎችና ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ኦፕን ኤኤንሲ የሚባለው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ድረ ገጽ፣ የትኛው ክልል ውስጥ እንደሚኖሩ፣ ኮሚሽነሩ ማን እንደሆነና እነማን እንደሚወዳደሩ ያሳያል። ግሬተር ግሬተር ዋሽንግተን የተባለው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በምርጫ ወቅት ለኤኤንሲ ዕጩዎች የጽሑፍ መጠይቅ ልኮ መልሳቸውን ያትማል፤ ከዚያም አልፎ የሚደግፋቸውን ይሰይማል። ለከንቲባና ለምክር ቤት ወንበሮች የሴት መራጮች ሊግ የሚያዘጋጀውን ቮት411 የተባለ የመራጮች መረጃ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ ሊጉ በ1920 የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው፤ ዕጩን አይደግፍም፣ አይቃወምምም።

ከቅስቀሳ ወረቀት በምን ይለያል ላሉት፣ ልዩነቱ በጥያቄው ላይ ነው። በቅስቀሳ ወረቀት ላይ ዕጩው ራሱ ጠያቂ፣ ራሱ መላሽ ነው፤ በመጠይቅ ግን ሁሉም ስላልመረጡት ጉዳይ፣ በአንድ ዓይነት አነጋገር ይጠየቃሉ፣ መልሳቸውም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለምሳሌ መኪና የሚቆምበት የመንገድ ዳር ተነሥቶ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ይከለል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዱ «አዎን፣ ይህንና ይህን በሚመስል ሁኔታ» ይላል፤ ሌላው ስለ ሁሉም ሰው ደኅንነት ሦስት አንቀጽ ጽፎ አዎን ወይም አይደለም ሳይል ያልፋል። ያ ሽሽት ራሱ መረጃ ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂው ማን እንደሆነ መዘንጋት የለበትም፤ ግሬተር ግሬተር ዋሽንግተን በከተማው ብዙ መኖሪያ ቤት እንዲሠራና የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲስፋፋ የሚሟገት ድርጅት ነው፤ አቋሙን አይደብቅም፣ ጥያቄዎቹ ግን ከዚያ አቋም የሚመነጩ ናቸው። ስለዚህ የዕጩዎቹን መልስ ከማን እንደሚደግፉ ከሚገልጸው ጽሑፍ አስቀድመው ቢያነቡ የራስዎን ፍርድ ይጠብቃሉ።

ባለ ምግብ ቤት (9ኛው መንገድ)፦

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ለመጠይቅ የተሰጠው ዋጋ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። እኛ የምግብ ቤት ባለቤቶች ኤኤንሲን የምናውቀው በመጠጥ ፈቃድ በኩል ነው። ኮሚሽኑ ፈቃዱን ራሱ ባይሰጥም፣ ተቃውሞ ማቅረብና ስለ መዝጊያ ሰዓት፣ ስለ ሙዚቃና ስለ በረንዳ ከባለቤቱ ጋር ስምምነት መፈራረም ይችላል፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶችም አስተያየቱን በቁም ነገር መዝነው፣ ካልተቀበሉት ምክንያታቸውን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ኮሚሽነር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚታየው በስብሰባው ላይ ነው። ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝባቸዋል፤ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ስለሚተላለፉ ቅጂያቸው ይገኛል። በመጠይቅ ላይ «አነስተኛ ንግዶችን እደግፋለሁ» ያለ ሰው በድምፅ አሰጣጥ ጊዜ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ያልሰላ ወይም ሁለት ሥራ የሚሠራ ብርቱ ሰው ደግሞ መጠይቁን ሳይሞላ ይቀርና እንደ ግዴለሽ ይታያል። ለቃላት ጌቶች የሚያደላ ሚዛን ነው።

የጆርጂያ አቬኑ ነዋሪ፦

ስለ ቃለ ጉባኤው ፍጹም እስማማለሁ፤ በወንበሩ ላይ ላለ ሰው ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው ግን የሚመረመር የድምፅ መዝገብ የለውም፤ ለእሱ ከመጠይቁ ሌላ ምን መለኪያ እንጠቀማለን? ባዶ የተተወ መልስም በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ለነገሩ በስብሰባ ላይ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት የሚቸገር ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ በሚጽፈው መልስ ይበልጥ ሊጠቀም ይችላል እንጂ የሚጎዳ አይመስለኝም።

አስተርጓሚዋ፦

ቋንቋ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ የምርጫ ጽሑፎች በሌላ ቋንቋ እንዲቀርቡ የሚያስገድደው ክፍል የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካ ሕንዶችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ አማርኛ በውስጡ የለም። ዲሲ ውስጥ አማርኛ የምናገኘው ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ነው። ይህ ሕግ ደግሞ የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ድረ ገጾችን ወይም ዕጩዎችን አይደለም፤ በመሆኑም እናቶቻችንና አባቶቻችን እንዴት ድምፅ እንደሚሰጡ የሚያስረዳቸው ጽሑፍ በአማርኛ ሊደርሳቸው ሲችል፣ ለማን እንደሚሰጡ ለመወሰን የሚረዳቸው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ይቀራል።

የሠፈራችን ልጆች የመጠይቅ መልሶችን ተርጉመው በቴሌግራም ቢያሰራጩ መልካም ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ክልል ዕጩዎች መልስ ሁሉ ካልተተረጎመ አንዱም አይተርጎም። የምንወደውን ሰው ብቻ ተርጉመን የሌላውን ብንተው መረጃ ሰጠን አይባልም፤ ቀሰቀስን እንጂ። ያልመለሰውንም «አልመለሰም» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ገጽ አድራሻም አብሮ ይቀመጥ፣ የሚችል ሰው እንዲያመሳክር። በማሽን የተተረጎመ ነገር ሳይታረም መለጠፍን አልመክርም፤ ድርብ አሉታ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢገለበጥ ደጋፊው ተቃዋሚ ሆኖ ይነበባል።

አዲስ መራጭ (ብራይትውድ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በክልሌ ያለው ኮሚሽነር በድጋሚ ስለሚወዳደር የስብሰባዎቹን ቅጂ አያለሁ፤ የተፎካካሪዋን መልስ ግን በየትኛውም ድረ ገጽ አላገኘሁም። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?

የጆርጂያ አቬኑ ነዋሪ፦

ሴትዮዋን ራሷን ይጠይቋት። ለዕጩነት የሚያስፈልገው የክልሉ 25 መራጮች ፊርማ ስለሆነ፣ ከጎረቤቶችዎ መካከል በር ላይ ያነጋገረቻቸው መኖራቸው አይቀርም። ለ2,000 ሰው የሚወዳደር ዕጩ ለአንድ መራጭ ደብዳቤ መልስ የማይሰጥበት ምክንያት ብዙም አይታየኝም። በመጠይቁ ላይ የወጡትን ጥያቄዎች ቃላቸውን ሳይለውጡ ይላኩላት፤ ከኮሚሽነሩ መልስ ጋር ለማነጻጸር የሚመቸው እንዲያ ሲሆን ነው። መልሷን ስታገኙ በእሷ ፈቃድ እዚህ ቢለጥፉት፣ እህታችንም ከኮሚሽነሩ መልስ ጋር አንድ ላይ ትተረጉመው ይሆናል።

አስተርጓሚዋ፦

ሁለቱንም ከላካችሁልኝ እተረጉማለሁ። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ከመድረሱ በፊት ቢሆን ግን ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው በደረሰው ዕለት ሞልቶ ይመልሰዋል።