የኋላ ጎማ፣ የፊት ጎማ ወይስ አራቱም? እባካችሁ ምከሩኝ

እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ፈጠን ያለ ባለ አራት በር አውቶሞቢል ልገዛ ነው፤ የሞተሩ ኃይል በየትኞቹ ጎማዎች በኩል ቢወርድ እንደሚሻል ግን መወሰን አቃተኝ።

ልቤ ወደ ኋላው ያደላል። በኋላ ጎማ የሚነዳውን የቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ መኪና ስሞክር የመሪው ጥርት ያለ ምላሽ አስደነቀኝ። የፊት ጎማዎቹ ኃይል ስለማይሸከሙ ሥራቸው መምራት ብቻ ነው፤ ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ ስሰጠው ከኋላ ደግፎ ይገፋኛል። ክብደቱም ለፊትና ለኋላ እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ተከፍሏል። ያንን ስሜት ልረሳው አልቻልኩም።

ነገር ግን በዝናብ የመኪናው ኋላ ተንሸራቶ ቢያመልጠኝስ? እስከ ዛሬ የነዳሁት በፊት ጎማ የሚሄዱትን ብቻ ነው። እነርሱ በኩርባ ላይ ፍጥነት ሲበዛባቸው አፍንጫቸው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ እግሬን ቀስ ብዬ ከነዳጅ ሳነሳ ይመለሳሉ። ኃይል ሲበዛ መሪው ከእጅ የሚጎትት መሆኑ ግን ያናድደኛል።

በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ብዙዎች ይመክሩኛል። ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1980 ኳትሮ የተባለውን ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪናውን ካቀረበ ወዲህ ዝናው ትልቅ ነው። ለአነሳስ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ፍሬን ሲያዝ ግን ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራት ጎማ ነው፤ ተጨማሪው ክብደትም ነዳጅ ይበላል።

ከፊት ወደ ኋላ ጎማ የተሸጋገራችሁ፣ ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ወሰደባችሁ? ጥሩ ጎማና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ካለው፣ ፍርሃቴ ተገቢ ነው?