የግቢ ጉባኤያችን (የዩኒቨርሲቲው ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ማኅበር) የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የእንግዳ መምህራን ጉባኤ፦ ረቂቁን እናጠናቅ

ትምህርት ክፍል፦ ረቂቁ አራት ጉባኤ ይዟል፤ ሁሉም ቅዳሜ ከቀኑ 8:30 እስከ 10:30፣ ከግቢው አጠገብ ባለው ደብር አዳራሽ። ጸሎት 10 ደቂቃ፣ መዝሙር 15፣ ትምህርት 50፣ ጥያቄ 40፣ ማስታወቂያ 5። የጥያቄው ሰዓት እንዳይነካ አደራ። ትምህርቱ በረዘመ ቁጥር የሚቀነሰው ከእሱ ነው፤ ተማሪው ግን የሚመጣው ዶርም ውስጥ መልስ ያጣለትን ጥያቄ ይዞ ነው።

መዝሙር ክፍል፦ ካስፈለገ ከእኛ 5 ደቂቃ ውሰዱ። ግን የደብሩ አዳራሽ ይጠባል፤ ለምን የግቢውን አንጠይቅም?

ጸሐፊ፦ አይሆንም እህቴ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ከጠበበ በረንዳው ላይ ድምፅ ማጉያ እንጨምር።

በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት ክፍል የምማር አባል፦ አራተኛውን ርእስ፣ ባሕረ ሐሳብን (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫውን)፣ ለብቻው እንየው። ስሌት ስለሆነ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ራሱ በሴሚናር መልክ እንዲጋብዝ እንጠይቅ፤ ያለ ጸሎትና መዝሙር፣ የየትኛውም እምነት ተማሪ የሚገባበት። መምህሩ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ሠርተው ያሳዩ። 2018ን እንውሰድ፦ 5500 ሲጨመርበት 7518፣ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፣ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12። ወንበሩ 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። የሁለቱ ድምር 30 ካልሆነ አንድ ቦታ ተስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ዋለ፤ ዕለቱ እሑድ፣ ተውሳኩ (ለዕለቱ የተመደበው ቁጥር) 7፣ ከመጥቅዕ ጋር ድምሩ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። 14 ጨምሮ ዐቢይ ጾምን፣ 69 ጨምሮ ትንሣኤን ተማሪው ራሱ ያውጣ። ይህ በቃል ብቻ ከተነገረ ማንም ይዞት አይወጣም።

ትምህርት ክፍል፦ ተቀብለናል፤ ረቂቁ ላይ እናስገባለን። ለቀሩት ሦስቱ የጥሪ ደብዳቤው ከአንድ ወር በፊት በሀገረ ስብከቱ በኩል ይሂድ። «ትምህርት እንዲሰጡልን» ብሎ ብቻ የሚጻፍ ደብዳቤ ሦስት እንግዳ ጠርቶ አንድ ስብከት ሦስት ጊዜ ያሰማናል። ርእሱ፣ ከዚያ በፊት የተሰጠው ትምህርት፣ ከተማሪው የተሰበሰቡ አምስት ጥያቄዎች ይካተቱበት። ዝነኛ ሰባኪ አዳራሽ ይሞላል፤ እኛን የሚጠቅመን ግን ጥያቄውን አስቀድሞ አንብቦ የሚመጣ መምህር ነው።

ሒሳብ ክፍል (የጉባኤው ገንዘብ ክፍል)፦ ትራንስፖርትና ማደሪያ ተይዟል። ለድምፅ ማጉያው ቻርጅ የሚደረግ ይያዝ፣ መብራት ይጠፋል። ጥያቄ በወረቀት ይሰብሰብ፤ ማይክ ከተሰጠ ጠያቂው ራሱ መስበክ ይጀምራል፣ የሚያፍሩትም ሳይጠይቁ ይሄዳሉ።

ጸሐፊ፦ እስከ ረቡዕ ተቃውሞ ካልመጣ ደብዳቤዎቹን አትማለሁ።