የበረዶ ጫካ እየሣልኩ ነው፤ ነጩ ኖራ መሰለብኝ

ጠያቂዋ፣ ከጎንደር፦
ጤና ይስጥልኝ። ስዊድን ያለች የአክስቴ ልጅ «ለሳሎኔ የክረምት ጫካ ሣይልኝ» ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ክረምት የምትለው የእኛን ሐምሌ አይደለም፣ የእነሱን ጥር ነው። ጥድ በጥድ የሆነ ጫካ፣ መሬቱ ሙሉ በረዶ፣ ዝቅ ያለች ፀሐይ በግንዶቹ መሀል ትገባለች። እኔ በረዶ የማውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። መሬቱን በቲታኒየም ነጭ የዘይት ቀለም ሞላሁት፣ ጥላውን ጥቁርና ነጭ ቀላቅዬ ግራጫ አደረግኩት። አሁን ጭቃ የተረጨበት የኖራ ግድግዳ መስሏል። ደግሞ ሳምንት ሞላው፣ አልደረቀም። ምን ይሻለኛል?

ቀለም ቀቢው፣ ከአራዳ፦
እህቴ፣ ነጩን መጀመሪያ ላይ ጨርሰሽዋል። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ነጭ ነጠላ ገመድ ላይ አስጪ። ፀሐይ ያረፈበት ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል። እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ጥላ ደግሞ ልብ ብለሽ እዪው፣ ሰማያዊ ነው። ፀሐይ ባይደርሰውም ሰማዩ ያበራዋላ! በረዶም ያው ነው። ለጥላው ኡልትራማሪን ሰማያዊ ከነጭ ጋር ደባልቂ፣ እንዳይጮህ ቅንጣት በርንት ሲየና (ቀላ ያለውን ቡናማ) ጣል አድርጊበት። ብርሃን የነካውን በጥቂት ቢጫ ኦከር አሙቂው። ንጹሕ ነጭ ለመጨረሻ ይቆይ፣ ያውም አራት አምስት ቦታ ብቻ። ጥቁሩን ቱቦ ክደኚው። ለግንዱ ጥቁረት ኡልትራማሪንና በርንት ሲየና ተደባልቀው ይበቁሻል።

አንድ አባል፦
ሰማዩ ደመና ከሆነ ግን ሰማያዊ ጥላ ውሸት ነው። ለስለስ ያለ ግራጫ ነው የሚሆነው። የእሷ ፎቶ ፀሐይ ስላለው ያስኬዳል።

ኦስሎ ያለሁ ጎንደሬ፦
በረዶው ግንዱን ዙሪያውን አይሸፍንም። ነፋስ በመጣበት በኩል ብቻ ነው የሚለጠፍ። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ትራስ ይከመርና ወደ ታች ይጎትተዋል። የዛፍ ጥላ ስትሠሪ በማስመሪያ እንደተሰመረ አታድርጊው፣ የመሬቱን ጉብታና ጎድጓዳ ተከትሎ ይታጠፍ። መሬቱ ጠፍጣፋ ግድግዳ የመሰለሽ በዚህም ሳይሆን አይቀርም። የሩቁን ዛፍ ደግሞ ሳንቃበር ቆመሽ የስሜንን ተራራ እንዳየሽው አድርጊው፣ በራቀ ቁጥር እየሰማየ፣ እየሳሳ። (ውይ፣ አገሬ!)

ጡረታ የወጣሁ የሥዕል መምህር፦
ልጄ፣ ቲታኒየም ነጭ ዘግይቶ ነው የሚደርቅ፣ አንቺ ደግሞ አወፍረሽዋል። በስፓቱላ ፋቂው። የታችኛውን ሽፋን በአኳራጅ አቅጥነሽ ስስ አድርጊ፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ይምጣ። ከተገለበጠ ኋላ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት ነጭ ላይ ቢጫ እያለ ይሄዳል፣ ለነጩ የሱፍ ዘይት ይሻላል። የሥዕሉን ነው የምልሽ! አንድ ተማሪዬ የወጥ ዘይት ቀላቅሎ ሥዕሉ ከርሞም ይጣበቅ ነበር። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይ፣ በራሱ ይነዳል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ፋቅሁት። ነጠላውንም አሰጣሁ። እናቴ «የታጠበውን ምን ያሰጣዋል?» ብላ ስትቆጣ አብራኝ እንድታይ ጠራኋት። «እውነትም ውኃ ሰማያዊ ነው» አለች። አንድ ቀረኝ። ፎቶው ላይ የጥንቸል ኮቴ አለ፣ ሁለት ትልልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። ወዴት እየሄደች እንደሆነ ጠፋኝ።

ኦስሎ ያለሁ ጎንደሬ፦
ትልልቆቹ የኋላ እግሮቿ ናቸው። ስትዘል ከፊት እግሮቿ አልፈው ያርፋሉ። ስለዚህ ትልልቆቹ ወዳሉበት ነው የምትሄድ።